ፎርማት ከመደረጉ በፊት

ላፕቶፑ የሂሳብ ክፍላችን ነው። ስታዲየም አካባቢ ካሉት ሱቆች ከአንዱ «እሽግ ነው» ተብሎ ተገዛ። ደረሰኙ ላይ 16 ጊጋ ራም፣ 512 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ የአንድ ዓመት ዋስትና ይላል። ጊዜው ጥቅምት ነው፤ ዓመታዊ የግብር ማስታወቂያችን እስከ 30 ድረስ መግባት አለበት። ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ተከፍቶ እየተሠራ ሳለ ማሽኑ ድርግም ይላል። ማስጠንቀቂያ የለም፣ ዊንዶውስ ሲበላሽ የሚያሳየው ሰማያዊ ስክሪንም የለም። አንዳንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ደህና ይሠራል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ከምሳ በፊት ደጋግሞ ይጠፋል።

ወደ ሱቁ ሲመለስ የተሰጠው መልስ ፎርማት ነበር፤ ዲስኩን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን። ፎርማት ተደርጎ መጣ፤ በማግስቱ ያው ሆነ። እኔን እስካሁን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የሚጠፋ ማሽን ለምን እንደሚጠፋ የሚናገረው መዝገብ ዊንዶውሱ ውስጥ ነው ያለው። ሳይነበብ ፎርማት ሲደረግ ማስረጃው አብሮ ይጠረጋል፤ ችግሩ ግን የብረቱ ከሆነ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

የሂሳብ ኃላፊዋ መጀመሪያ የጠረጠሩት መብራቱን ነው። ሜክሲኮ አካባቢ መብራት ሄድ መለስ ይላልና ጥርጣሬያቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ነገር ግን ባትሪው ደህና የሆነ ላፕቶፕ መብራት ስለሄደ አይጠፋም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ እየሠራ እያለ ቻርጀሩን መንቀል። ወዲያው ከጠፋ ባትሪው ወይም የባትሪው ሶኬት ይታያል። የኛው ተነቅሎም ቀጠለ፣ በባትሪ ብቻም ብዙ ሠራ። ስለዚህ መብራቱም ቻርጀሩም ነጻ ወጡ።

ቀጥሎ የዊንዶውስ መዝገብ የሚነበብበት ኢቬንት ቪወር ተከፈተ። ዊንዶውስ ሎግስ፣ ከዚያ ሲስተም። በየመጥፊያው ሰዓት ከርነል ፓወር 41 የሚል ቀይ ምልክት አለ። ብዙ ሰው 41ን ሲያይ «ፓወሩ ተበላሽቷል» ብሎ ይደመድማል፤ ስህተት ነው። 41 ማለት ዊንዶውስ በሥርዓቱ ሳይዘጋ ማሽኑ ጠፍቷል ማለት ብቻ ነው፤ ምክንያቱን አይናገርም። በሙቀት ምክንያት ራሱ ዊንዶውስ ከዘጋው 86 ቁጥር ይመዘገባል። የኛው ላይ 86 አልነበረም። ይህም ሙቀትን ነጻ አያወጣውም፤ ማሽኑ ራሱ በድንገት ኃይሉን ከቆረጠ ዊንዶውስ የሚጽፍበት ጊዜ አያገኝም።

ስለዚህ መለካት ግድ ሆነ። ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባለው ፕሮግራም የማሽኑን የሙቀትና የፋን ሴንሰሮች በየ2 ሰከንዱ እያነበበ ፋይል ላይ ይጽፋል። ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ማሽኑ ድርግም ቢልም የመጨረሻዎቹ መስመሮች ይቀራሉ። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሲሠራ የፕሮሰሰሩ ሙቀት 70ዎቹ ዲግሪ ውስጥ ነው፣ ማቀዝቀዣው ፋን በደቂቃ ወደ 3,000 ጊዜ ይዞራል። ለላፕቶፕ ጤነኛ ነው። ጠፍቶ ሲነሳ ፋይሉ ሲከፈት ግን የመጨረሻዎቹ መስመሮች ሌላ ነበሩ፤ የፋኑ ዙር 0፣ ሙቀቱ 94፣ 97፣ 99፣ 100፣ የፕሮሰሰሩ ፍጥነት ከ1 ጊጋኸርዝ በታች። ከዚያ መስመሩ አለቀ። አብዛኞቹ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ መጀመሪያ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ያ ካልበቃ ማሽኑ ራሱን ለማዳን ኃይሉን ይቆርጣል። «ከመጥፋቱ በፊት ይንቀራፈፋል» ብለው ኃላፊዋ ደጋግመው የነገሩን ይሄንን ነበር፤ ሰሚ አላገኙም እንጂ።

ፋኑ ለምን አንዳንዴ ብቻ ይቆማል? መልሱ የተገኘው ማሽኑ የት እንደሚቀመጥ ስናይ ነው። ስክሪኑ ከፍ እንዲልላቸው ኃላፊዋ ቦክስ ፋይል አንጥፈው ላዩ ላይ ያስቀምጡታል። ጠረጴዛ ላይ ሲሆን ላፕቶፑ የሚቆመው በአራቱ የጎማ እግሮቹ ነው፤ ፋይሉ ላይ ሲሆን ግን የሆዱ መሀል ይጫናል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ ከጎኑ አየር የሚተፋበት ቦታ ላይ እጄን አድርጌ፣ ሆዱን በጣት ቀስ ብዬ ስጫነው አየሩ ቆመ። ስለቀው ተመለሰ።

ኤችደብሊው ኢንፎ የጻፈውን ፋይል ይዘን ወደ ሱቁ ሄድን። ሻጩ ላፕቶፑን መስታወቱ ላይ አስቀምጦ ቪዲዮ ከፈተበት።

«ይኸው ወንድሜ፣ ምን ሆነ? ደግሞስ በዚህ ብርድ እንዴት ላፕቶፕ ይግላል?»

«መስታወት ላይ አይጠፋም። ሆዱን ተጫነውና እየው።»

«በፋይል ላይ ስለምታስቀምጡት ነው እንግዲህ። አየር ማስገቢያውን ዘጋችሁት።»

ግማሽ እውነት ስላለበት ይሄ መልስ ከባድ ነው። ማስገቢያው ሲዘጋ ሙቀቱ ይጨምራል፤ አልጋ ላይና ብርድ ልብስ ላይ የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ማስገቢያ መዘጋት ግን ፋኑን በኃይል ያዞረዋል እንጂ 0 ላይ አያቆመውም። ብርዱም ቢሆን የሚመስለውን ያህል አይረዳም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአምስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። ሳስ ያለ አየር ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው ያንሳል፤ ስለዚህ እዚህ ከተማ ፋን ሙሉ ጤንነት ያስፈልገዋል።

«ይከፈት» አልን። እኛ አልከፈትነውም፤ ዋስትና ያለበትን ዕቃ ገዢው ከከፈተው ጥፋቱን ሁሉ በገዢው ማሳበብ ቀላል ነው። ሻጩ እሽጉን መፍታት አልፈልግም አለ።

«እሽግ ነው ያስረከብናችሁ።»

«ካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍ 8 ጊጋ ራም ይላል። ደረሰኝህ 16 ይላል። ስምንቱን ማን ጨመረው?»

ዝም አለ። ከዚያ የሱቁን ሠራተኛ ልጅ ጠርቶ ካቻቪቴ አስመጣ።

የታችኛው ክዳን ገና ሳይነሳ ምልክቱ ይታይ ነበር። አንዱ ብሎን ጭንቅላቱ ተበልቷል፣ ጠርዙ ላይ የመፈልፈያ ጭረት አለ። ክዳኑ ተነሣ፣ መጀመሪያ የባትሪው ሶኬት ተነቀለ። በዚህ ሞዴል የፋኑ ገመድ በራሙ አጠገብ በቀጭን ቦይ ውስጥ አልፎ ነው ቦርዱ ላይ የሚሰካው። ራሙን የጨመረው ሰው ገመዱን ከቦዩ አውጥቶ አልመለሰውም፤ ገመዱ የፋኑ አፍ ላይ ተጋድሞ ቀርቷል። ክዳኑ ሲጫን ገመዱን ወደ ክንፎቹ ይገፋዋል፣ ፋኑ ይያዛል። ገመዱ ላይ ክንፎቹ የፈገፈጉት ቦታ በዓይን ይታያል፤ የአንዱ ሽቦ ልባስ ሳስቶ መዳቡ ብልጭ ይላል። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ሾርት አድርጎ ቦርዱን ይዞት ሊሄድ ይችል ነበር።

ልጁ ገመዱን ወደ ቦዩ መለሰና ቴርማል ፔስት አወጣ፤ ከፕሮሰሰሩ ወደ ሂትሲንኩ፣ ማለትም ሙቀቱን ወደሚቀበለው ብረት፣ ሙቀት እንዲያልፍ መሀላቸው የሚቀባው ቅባት ነው። «እግረ መንገዱን ይጨመርለት» አለ። ይሄንን በግልጽ ከለከልን። ፔስት በላይ በላዩ አይጨመርም። ሂትሲንኩ ከተነሣ አሮጌው በአይሶፕሮፒል አልኮል ሙሉ በሙሉ ይጸዳል፣ አዲሱ በስሱ ይቀባል፣ ብሎኖቹም በአጠገባቸው በተጻፈው ቁጥር ቅደም ተከተል ጥቂት ጥቂት እየተባለ ይጠብቃሉ። አንዱን እስከ መጨረሻው አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ሂትሲንኩን ያጋድለዋል። ሙቀቱ ጠረጴዛ ላይ 70ዎቹ ውስጥ ከሆነ የፋብሪካው ፔስት ደህና ነው ማለት ነው፤ ደህናውን መንካት አዲስ ችግር መፍጠር ነው።

የተላጠውን ሽቦ በፕላስተር ጠቅልሎ ሊዘጋው ሲል ደግሞ ፋኑ ከነገመዱ እንዲቀየር ጠየቅን። ክርክሩ እዚህ ጋ ረዘመ። ሻጩ «ፕላስተሩ ይበቃል» አለ፤ እኛ ደግሞ ፕላስተር ከሚሞቅ ብረት አጠገብ ሙጫው ይለቃል አልን። በመጨረሻ ፋኑ እስኪመጣ በፕላስተር እንዲሠራ፣ ሲመጣ በነጻ እንዲቀየር ተስማማን። በመሀሉ ባለው ጊዜ ቱርቦው፣ ፕሮሰሰሩ ከመደበኛው በላይ የሚፈጥንበት ሁኔታ፣ እንዳይነሳ የዊንዶውስ ፓወር ፕላን ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን 99 በመቶ ላይ አደረግነው። ቱርቦ ሲጠፋ ሙቀቱ በግልጽ ይወርዳል፤ ለፒችትሪ ደግሞ ያ ፍጥነት ከበቂ በላይ ነው። ግብሩም በጊዜው ገባ።

ፋኑ ተቀይሮ ሲመጣ ያው ቦክስ ፋይል ላይ ተቀምጦ፣ ቱርቦው ተመልሶ፣ ፕሮሰሰሩ ሙሉ ጭነት ላይ ሆኖ ተሞከረ። ማስገቢያው በከፊል ስለተዘጋ 90 ነካ፤ ፋኑ ግን አንዴም አልቆመም። ለኃላፊዋ ሥሩ ክፍት የሆነ የብረት ማቆሚያ ተገዛላቸው።

ሻጩ እስከ መጨረሻው የታገለው ገንዘብ ላይ ሳይሆን ጽሑፍ ላይ ነው። የዋስትናው ወረቀት ጀርባ ላይ «ራም በእኛ ተጨምሯል፣ ፋን ተቀይሯል» ብሎ እንዲጽፍ ስንጠይቅ «ለምን ይጻፋል? ሠርቷል አይደል?» አለ። አጠገቡ ቆመን ጠበቅነው። ጻፈ፣ ቀኑን አደረገበት፣ ማኅተሙንም መታ።