ፒኤችፒን ከብራውዘር አውጥቼ ተርሚናል ላይ ሳሠራው

ፒኤችፒ የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሲነሳ ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ዌብሳይት ነው። ፎርም፣ ሎግኢን፣ ዳሽቦርድ። እውነትም ለዚያ ነው የተፈጠረው፤ ራስመስ ሌርዶርፍ በፈረንጆቹ 1994 ሲጀምረው ለራሱ የግል ገጽ ነበር። ከተርሚናል (ትዕዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት መስኮት) እንዲሠራ ተብሎ የተዘጋጀው ስሪት የመጣው ቆይቶ ነው፤ በ2002 ከ4.2 ጋር ለሙከራ ወጣ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከ4.3 ጀምሮ ደግሞ አብሮ የሚጫን ሆነ። ኮምፖዘርን (የፒኤችፒ ጥቅሎች መጫኛውን) የነካ፣ ላራቬል በሚባለው የፒኤችፒ ማዕቀፍ ላይ አርቲዛን ብሎ ትዕዛዝ የጻፈ ሰው ሁሉ ተጠቅሞበታል። የራሱን ከባድ ሥራ በዚያ በኩል የሚያሠራ ግን እኔ ከማውቃቸው ልጆች መሃል ጥቂት ነው። ይሄን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

የኔ ጉዳይ እንዲህ ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ፣ አንድ የባጃጅና የመኪና መለዋወጫ በጅምላ የሚሸጥ ሱቅ አለ። የዕቃ መቆጣጠሪያውን የሠራሁላቸው በፒኤችፒና ማይኤስኪውኤል በሚባለው ዳታቤዝ ነው፣ የሚሠራውም ጓዳ ውስጥ ባለች፣ ኡቡንቱ የሚባለው ሊኑክስ በተጫነባት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነው። ዋጋ መቼም አንድ ቦታ አይቆምም። አስመጪዎቹ አዲስ ዝርዝር በኤክሴል ይልካሉ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር መስመር ነው፣ ያ ሁሉ ዳታቤዝ ውስጥ መግባት አለበት። መጀመሪያ የሚገባው በብራውዘር ነበር። ፋይሉን መርጣችሁ "አስገባ" ትላላችሁ፣ ክቡ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ከዚያ ገጹ ነጭ ይሆናል። ባለቤቱ ብቅ ብለው "ልጄ፣ ዋጋው ገባ ወይስ አልገባም?" ይላሉ። ገጹ ምንም አይናገርም። ግማሹ ገብቶ ግማሹ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፣ እንዲያ ከሆነ ደግሞ ኩሽኔታው በአዲሱ ዋጋ፣ ካንዴላው በድሮው ዋጋ ይሸጣል ማለት ነው። ለነጋዴ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ መቆፈር አያስፈልግም። በዌብ በኩል ሲሠራ ፒኤችፒ ለአንድ ገጽ የሚሰጠው ጊዜ፣ ካልነካችሁት፣ 30 ሰከንድ ነው። እሱን ብታሳድጉት እንኳ ፊት ለፊት ያለው ዌብ ሰርቨር (ገጹን ለብራውዘሩ የሚያቀብለው ፕሮግራም) የራሱ ገደብ አለው፤ ኤንጂንኤክስ ለምሳሌ ከፒኤችፒ በኩል ለ60 ሰከንድ ምንም ካልሰማ ይዘጋዋል። ብራውዘሩም አለ፣ ዋይፋዩም አለ፣ ትሩን በስህተት የሚዘጋው የሱቁ ልጅም አለ። ከተርሚናል ሲሆን ይሄ ሁሉ መሃል ላይ የለም። የጊዜ ገደቡ ዜሮ ነው፣ ማለትም ገደብ የለውም፤ ስክሪፕቱ (የጻፋችሁት የፒኤችፒ ፋይል) ሥራውን እስኪጨርስ ይሠራል።

አጀማመሩ ቀላል ነው። ተርሚናል ላይ ፒኤችፒ ብላችሁ የፋይሉን ስም ትጽፋላችሁ፣ አለቀ። ከፋይሉ ስም ቀጥሎ የምትጽፉት ሁሉ አርግቪ በሚባለው ዝርዝር ውስጥ ይገባላችኋል፤ ዜሮኛው የስክሪፕቱ የራሱ ስም ነው፣ የእናንተ የሚጀምረው ከአንድ ነው። እኔ የዋጋውን ፋይል ስም በዚህ ነው የማቀብለው። ፒኤችፒ ከሚለው ቀጥሎ ሰረዝ ኤል ብትሉት ኮዱን ሳያስኬድ የአጻጻፍ ስህተት ካለ ይነግራችኋል። ሰረዝ አር ደግሞ ፋይል ሳትከፍቱ አንድ መስመር ኮድ እዚያው ያስኬዳል፣ አንድ ነገር ቶሎ ለመሞከር እሱን የመሰለ የለም።

ከሁሉም በላይ ልብ ማለት ያለባችሁ፣ ቋንቋው አንድ ይሁን እንጂ የሚሠራበት ሁኔታ ሌላ ነው። ኡቡንቱ ላይ ለዌብ ሰርቨሩ ለአፓቼ አንድ ፒኤችፒ ዶት አይኤንአይ የሚባል የማስተካከያ ፋይል አለ፣ ለተርሚናሉ ደግሞ ሌላ፣ ለየብቻ ፎልደር ውስጥ። አንዱን ብታስተካክሉ ሌላው አይሰማም። "ዌብ ላይ ይሠራል፣ ተርሚናል ላይ እምቢ አለኝ" የሚባለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው የሚመጣው። የትኛውን ፋይል እያነበበ እንደሆነ ለማየት ሁለት ሰረዝ አድርጋችሁ አይኤንአይ በሉት፣ ሙሉ አድራሻውን ያወጣላችኋል። የተርሚናሉ ፋይል ኡቡንቱ ላይ የሜሞሪ ገደብ እንኳ የለውም። ነፃነት ይመስላል፣ ግን ሜሞሪዋ ትንሽ የሆነች ኮምፒውተር ላይ ፋይሉን በሙሉ በአንዴ አንስታችሁ ብትጭኑባት ራሷ ኮምፒውተሯ ትቆማለች። ስለዚህ ኤክሴሉን ሲኤስቪ (በኮማ የተለያየ ተራ ጽሑፍ) አድርጌ አስቀምጬ፣ ኤፍጌትሲኤስቪ በሚባለው ፈንክሽን አንድ መስመር አንብቤ፣ አንድ መስመር ሠርቼ ነው የምቀጥለው። ፋይሉ ቢበዛም ቢያንስም የሚይዘው ሜሞሪ ያው ነው።

ሌላው ልዩነት ፎልደር ነው። በዌብ ሲሆን ስክሪፕቱ ያለበት ቦታ ላይ ቆሞ ነው የሚሠራው፤ በተርሚናል ግን እናንተ የቆማችሁበት ቦታ ላይ ነው። ፋይል ስትጠሩ ዲአይአር የምትለዋን፣ በግራም በቀኝም ሁለት ሁለት አንደርስኮር ያላትን ቃል ከፊት አስቀድሙ። ከየትም ቢጠራ አይጠፋበትም።

አሁን ወደ መብራቱ። ድሬ ያለ ሰው ያውቀዋል፣ ሥራ መሃል ላይ ድርግም ሊል ይችላል። እኔ ያደረግኩት ስክሪፕቱን ስንት ጊዜም ከመጀመሪያው ቢነሳ ጉዳት እንዳያመጣ አድርጎ መጻፍ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ኮድ አለው፣ ዳታቤዙ ላይ ያ ኮድ ሁለት ጊዜ እንዳይገባ ተከልክሏል፤ ስክሪፕቱ ኮዱ ካለ ዋጋውን ይቀይራል፣ ከሌለ ዕቃውን አዲስ ይመዘግባል። 500 መስመር በሞላ ቁጥር ያንን አንድ ላይ ያጸድቃል። መብራት ከጠፋ ያልጸደቀው ክፍል እንዳልነበረ ይሆናል፣ የጸደቀው ግን ይቀመጣል። መብራት ሲመጣ ያንኑ ትዕዛዝ ደግሞ መጻፍ ነው እንጂ "የት ጋ ቆመ?" ብሎ መፈለግ የለም። 500 በሞላ ቁጥር የደረሰበትን መስመርም ስክሪኑ ላይ ይጽፋል፤ ተርሚናል ላይ የምታትሙት ነገር ሳይጠራቀም ወዲያው ስለሚወጣ እየሄደ መሆኑን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ሳቢያን ሰፈር ሆኜ ከቤት በኤስኤስኤች (ከሩቅ ወደ ተርሚናል በሚያስገባው መንገድ) ስገባ ደግሞ መጀመሪያ ቲመክስ የሚባለውን፣ ተርሚናሉን ክፍት አድርጎ የሚያቆይ ፕሮግራም እከፍታለሁ፣ ኔትወርኩ ቢቆረጥ ስክሪፕቱ አብሮ እንዳይሞት።

አማርኛ ላይ ደግሞ አንድ ነገር አለ፣ በዝርዝር ልንገራችሁ ምክንያቱም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማብራሪያ ውስጥ የኛ ፊደል ብዙም አይነሳም። ሲጨርስ ዋጋቸው የተቀየረ ዕቃዎችን በሰንጠረዥ መልክ እንዲያወጣ ፈለግኩ፣ ስም በግራ፣ ዋጋ በቀኝ። ስትርፓድ የሚባለው ፈንክሽን ጽሑፉን ለምሳሌ እስከ 20 ቦታ ድረስ በባዶ ቦታ ይሞላል ተብሎ ነው የሚታወቀው። የሚቆጥረው ግን ፊደል ሳይሆን ባይት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ጽሑፉን የሚያስቀምጥበትን ትንሽ መለኪያ ነው። የኛ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል አቀማመጥ እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል። "ብሎን" ብትሉት 3 ፊደል ነው፣ ለእሱ ግን 9 ነው፣ ስለዚህ 17 ባዶ ቦታ መጨመር ሲገባው 11 ብቻ ይጨምራል። "የፍሬን ሸራ" ደግሞ ከነክፍተቱ 7 ነው፣ እሱ 19 ይለዋል፣ አንድ ባዶ ቦታ ጨምሮ ዝም። ሰንጠረዡ ተዛንፎ ይወጣል፣ ዋጋው የማን እንደሆነ አይታወቅም። መፍትሔው ከስማቸው ፊት ኤምቢ የሚል ያለባቸውን ፈንክሽኖች መጠቀም ነው፤ ኤምቢ ስትርለን ፊደል ይቆጥራል፣ ኤምቢ ስትርፓድም ከፒኤችፒ 8.3 ጀምሮ አለ። ከዚያ በታች ከሆናችሁ ባዶ ቦታውን ራሳችሁ አስልታችሁ ጨምሩ። የተርሚናሉ ፎንት የግዕዝ ፊደል ላይ ሰፋ ስለሚል አሁንም ትንሽ ሊንጋደድ ይችላል፣ ግን ይነበባል። በነገራችን ላይ ኤክሴል ዩቲኤፍ 8 ሲኤስቪ ብሎ ሲያስቀምጥ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የማይታዩ 3 ባይቶች ይጨምራል፤ የመጀመሪያው ዓምድ ርዕስ "የለም" ካላችሁ መጀመሪያ እነሱን ፈልጉ።

ሰዓቱን ለክሮን፣ በተቀጠረ ሰዓት ትዕዛዝ ለሚያስነሳው የሊኑክስ ፕሮግራም፣ ሰጠሁት። ድሬ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ሱቅ ይዘጋል፣ አመሻሽ ላይ ነው እንደገና የሚከፈተው። ማንም የማይሸጥበት ያ ሰዓት ለከባድ ሥራ ምርጥ ነው። የኛ ቀን 7 ሰዓት ለክሮን 13 ነው። የኮምፒውተሩ ሰዓት ዩቲሲ (ከኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ የሆነው የዓለም ሰዓት) ላይ ከሆነ ደግሞ 10 ይሆናል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ዴት ብላችሁ ሰዓቱን እዩ። ክሮን ፒኤችፒ የት እንዳለ ላያገኘው ስለሚችል ሙሉ አድራሻውን ስጡት። አንዱ ሳይጨርስ ሌላው እንዳይነሳም በኤፍሎክ ቆልፉት።

የፒኤችፒ የራሱ ሰዓት ደግሞ ሌላ ነው። የተርሚናሉ አይኤንአይ ላይ ታይምዞን ካልሞላችሁ ዩቲሲ ነው የሚይዘው፣ የኮምፒውተሩ ሰዓት ትክክል ቢሆንም። ቀን ላይ ብዙ አያስታውቅም። ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚሠራ ባክአፕ ግን የትናንትን ቀን ይዞ ይወጣል። አፍሪካ ስላሽ አዲስ አንደርስኮር አበባ ብላችሁ ሙሉት። ሪፖርቱ ላይ መስከረም፣ ጥቅምት እንዲል ከፈለጋችሁ ኢንትል የሚባለውን ኤክስቴንሽን ጫኑ፤ የቀን አቆጣጠሩን ኢትዮፒክ ብትሉት ራሱ ይቀይርላችኋል፣ እኔ የማሰላው ነገር የለም። ለባለቤቱ ትልቁ ነገር ይሄ ሆኖ ተገኘ፤ ሪፖርቱን አንስተው "አቦ፣ ይሄ ነው እንጂ!" አሉ።

ስህተት ሲኖር ስክሪፕቱ መልእክቱን ወደ ኤስቲዲኢአርአር (ለስህተት ወደተለየው የውጤት መስመር) ይጽፍና በመውጫ ቁጥር 1 ይወጣል፣ ሰላም ከሆነ በ0። ክሮን ላይ መደበኛውን ውጤት ወደ አንድ ፋይል፣ ስህተቱን ወደ ሌላ ፋይል ለይቼዋለሁ፤ የስህተቱ ፋይል ባዶ ከሆነ ስክሪፕቱ ስህተት አላገኘም ማለት ነው፤ መሃል ላይ መብራት ጠፍቶ ከነበረ ግን መጨረሱን ለማየት ሌላውንም ክፈቱ። ስክሪፕቱን ግን ዌብ ፎልደሩ ውስጥ አታስቀምጡት፣ ሊንኩን ያገኘ ሰው ሁሉ በብራውዘር ሊያስነሳው ይችላል። እኔ ከዚያ ውጭ አስቀምጬው፣ በተጨማሪ የመጀመሪያው መስመር ላይ ፒኤችፒ አንደርስኮር ሳፒ (ፒኤችፒ በምን በኩል እንደተነሳ የሚናገረው) ሲኤልአይ፣ ማለትም ተርሚናል፣ ካልሆነ እዚያው እንዲወጣ አድርጌዋለሁ።