«ኢንቮይስ አትክፈቱ» ማለት አይሠራም፤ እኛ ቢሮ ያደረግነው ይኸው

የምሠራው አዲስ አበባ፣ ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣ አንድ መካከለኛ ድርጅት ውስጥ ነው። የአይቲ ባለሙያ ተብዬ ልቀጠር እንጂ ፕሪንተር የሚጠግነውም፣ ኔትወርክ የሚዘረጋውም፣ ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም አልከፍት ሲል የሚጠራውም እኔው ነኝ። ከቻይና፣ ከቱርክና ከዱባይ አቅራቢዎች ጋር ያለን ሥራ ከሞላ ጎደል በኢሜይል ነው የሚያልቀው። ፕሮፎርማው፣ ኮሜርሻል ኢንቮይሱ፣ ፓኪንግ ሊስቱ፣ የቢል ኦፍ ሌዲንግ ድራፍቱ ሁሉ በዚያው ይገባል። የውሸቱም እንደዚያው።

ሥራ አስኪያጃችን የአንድ ሌላ ቢሮ ኮምፒውተሮች በሙሉ በቫይረስ እንደተቆለፉ ሰሙና «ማስታወቂያ ለጥፍ፤ የማያውቁትን ኢሜይል እንዳይከፍቱ በል» አሉኝ። ከመለጠፌ በፊት ለሒሳብ ክፍል ኃላፊያችን አሳየኋቸው። በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ። አንብበው ሲጨርሱ «አንተ ልጅ፣ ኢንቮይስ አልክፈት? ታዲያ ደመወዝ የምበላው በምን ሥራ ነው?» አሉኝ።

ልክ ናቸው። አዲስ አቅራቢ ማለት የማናውቀው ሰው ነው። የማናውቀው ሰው የላከውን ፕሮፎርማ መክፈት የዚያ ክፍል የዕለት እንጀራ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያውን ተውኩትና ሌላ ጥያቄ ይዤ ተነሳሁ። አንድ ቀን ደክሟቸው ወይም ቸኩለው የውሸቱን ቢከፍቱት፣ ጉዳቱ እስከ የት ይድረስ?

መጀመሪያ ምን እየመጣብን እንደሆነ ማየት ነበረብኝ። ሰዎቹን አስፈቅጄ የየራሳቸውን ስፓም ፎልደር አብረን አገላበጥን። ነገሩ ከጠበቅኩት በላይ ለእኛ ሥራ የተሰፋ ነበር። «የተያያዘውን የዋጋ ጥያቄ ተመልክታችሁ ምርጥ ዋጋችሁን ላኩልን»፣ «ክፍያ ፈጽመናል፣ ስዊፍት ኮፒው ተያይዟል»፣ «ኮንቴይነራችሁ ጅቡቲ ደርሷል፣ ሰነዱን አረጋግጡ»። አታችመንቶቹ (የተያያዙት ፋይሎች) ራር ወይም ዚፕ የሚባሉ የታመቁ ፋይሎች፣ አንዳንዴ የሲዲ ቅጂ የሆነው አይኤስኦ፣ አንዳንዴ ደግሞ ተራ የሚመስል ኤክሴል ናቸው። ውስጣቸው ያለው ግን ኢንቮይስ ሳይሆን ፕሮግራም ነው።

ሰው ቫይረስ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ነው። በእንዲህ ዓይነት ኢሜይል በብዛት የሚላኩት እነ ኤጀንት ቴስላ፣ ፎርምቡክና ሬምኮስ ግን ድምፅ የላቸውም። ብሮውዘር ላይ የተቀመጠ ፓስዎርድ ይለቅማሉ፣ የምትጽፉትን ይመዘግባሉ፣ ለላኪው ያቀብላሉ። ለአስመጪ ይሄ ከመቆለፍ አይተናነስም። ኢሜይላችሁ ውስጥ ሰው ቁጭ ብሎ ደብዳቤ ያነባል። አቅራቢው ማን እንደሆነ፣ ስንት ዶላር እንደሚላክ፣ መቼ እንደሚላክ ያውቃል። ሰዓቱ ሲደርስ «ባንክ ቀይረናል፣ በዚህ አካውንት ላኩ» ይላል።

«የምናውቀው ሰው ከላከው ችግር የለውም» የሚሉም ነበሩ። እዚህ ላይ የኢሞቴትን (የአንድ ቫይረስ ስም ነው) ታሪክ ነገርኳቸው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። በ2014 የባንክ መረጃ ሰራቂ ሆኖ ታየ፣ ኋላ ሌሎች ቫይረሶችን ተሸክሞ የሚያደርስ ሆነ። በጃንዋሪ 2021 የበርካታ አገሮች ፖሊሶች ከአውሮፓ ኅብረት የፖሊስ ድርጅት ከዩሮፖል ጋር ሆነው ሰርቨሮቹን ያዙ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ተመልሶ መጣ። ዋናው ተንኮሉ የተጠቂውን የቆዩ ኢሜይሎች ሰርቆ፣ ለእውነተኛው ንግግር መልስ አስመስሎ ራሱን መላክ ነበር። ማለትም የምታውቁት ርዕስ፣ የምታውቁት ስም፣ ከሥር እናንተው የጻፋችሁት መልእክት፣ ከላይ ደግሞ «የተስተካከለው ኢንቮይስ ተያይዟል»። እንዲህ ያለውን በዓይን መለየት ለእኔም ይከብደኛል።

ወደ ሥራው ልግባ። በሁሉም ኮምፒውተር ላይ መጀመሪያ ያደረግኩት ነፃ ነው፣ ጊዜም አይፈጅም። ዊንዶውስ የፋይል ስም መጨረሻ ላይ ያለውን ኤክስቴንሽን ይደብቃል። በዚህ ምክንያት «ኢንቮይስ.ፒዲኤፍ.ኢኤክስኢ» የተባለ ፕሮግራም «ኢንቮይስ.ፒዲኤፍ» ብቻ ሆኖ ይታያል። በ2000 ዓለምን ያመሰው የፍቅር ደብዳቤ ቫይረስም በዚሁ መንገድ የጽሑፍ ፋይል መስሎ ነበር የገባው። ይህ ሁሉ ዓመት አልፎ ዊንዶውስ አሁንም መደበቁ ያናድደኛል። «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን ምልክት አደረግኩና ጨረስኩ።

ቀጥሎ ጄኤስና ቪቢኤስ የሚባሉት የስክሪፕት ፋይሎች ሁለቴ ሲጫኑ እንዳይሠሩ፣ በኖትፓድ እንዲከፈቱ አደረግኩ። ሒሳብ ክፍል ውስጥ ስክሪፕት የሚያስፈልገው ሰው የለም። ይቺን ትንሽ ነገር አስታውሷት፣ በኋላ ጠቅማናለች።

ኦፊስ ላይ ግን ረጅም ጊዜ ቆየሁ። ለዓመታት የውሸት ኢንቮይስ ዋና መግቢያ የወርድና የኤክሴል ማክሮ (ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ፕሮግራም) ነበር። «ይዘቱን ለማየት ኢኔብል ኮንቴንት የሚለውን ይጫኑ» ይላል፣ ሰው ይጫናል፣ አለቀ። ማይክሮሶፍት በ2022 ከኢንተርኔት የመጣ ፋይል ላይ ማክሮ በራሱ እንዲታገድ አደረገ። ደግ ሥራ ነው፤ የሚሠራው ግን አፕዴት ለሚያገኝ ኦፊስ ነው። የእኛ ቢሮ ኦፊስ በሙሉ ኮምፒውተር ቤት የጫነልን ክራክ (ሳይገዛ በሕገወጥ መንገድ የተከፈተ ቅጂ) ነበር፣ አፕዴቱም እንዳይነቃ ተብሎ ተዘግቷል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ማክሮ እንኳ የማይፈልገው ነው። ኦፊስ ውስጥ ሒሳባዊ ቀመር መጻፊያ የሆነ አሮጌ ክፍል አለ፣ ለ17 ዓመት ያህል ሳይታይ የቆየ ቀዳዳ ተገኘበትና በኖቬምበር 2017 ተደፈነ። አፕዴቱን ያላገኘ ኮምፒውተር ላይ ግን ፋይሉን መክፈት ብቻ ይበቃል፤ ምንም አልተጫነም፣ ምንም አልተፈቀደም፣ ቫይረሱ ገብቷል። ቀዳዳው ከተደፈነ ከዓመታት በኋላም ኤጀንት ቴስላን የሚልኩ ሰዎች በዚሁ ሲጠቀሙ ነበር። ለምን? እንደኛ ያለ ቢሮ ስለሞላ።

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብቼ ኦሪጅናል ኦፊስ ይገዛ አልኩ። «በዶላር?» አሉኝ። ስለ ውጭ ምንዛሪ ለአስመጪ ማስረዳት አይቻልም፣ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ተደራድረን ለሒሳብና ለግዢ ክፍል ብቻ ተገዛ። ለቀሩት ክራኩን አንስቼ ነፃ የሆነውን ሊብሬኦፊስ ጫንኩ። ተቃውሞ ነበር። አንዳንድ ሠንጠረዥ ይፈርሳል፣ ድሮ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ሲከፈት ያስቸግራል። ያም ሆኖ ክራክ ከመያዝ ይሻላል የሚለው አቋሜ አልተቀየረም። ክራክ ማድረጊያዋ ፕሮግራም ራሷ ምን እንደያዘች የሚያውቅ የለምና። በኦሪጅናሎቹ ላይ ትረስት ሴንተር ገብቼ ማክሮን ያለ ማስጠንቀቂያ ዘጋሁት። ማስጠንቀቂያ ካለ ሰው ይጫነዋል።

ከዚያ አድሚን መብት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ላይ ማንኛውንም ነገር የመቀየር ሥልጣን። ሁሉም ሰው በአድሚን አካውንት ነበር የሚሠራው፣ ምክንያቱ ደግሞ ፒችትሪ። «ያለ አድሚን አይከፍትም» ተብሎ ማንም አይነካውም። የፒችትሪ ፎልደር ላይ ብቻ የመጻፍ ፈቃድ ስሰጥ በተራ አካውንት ከፈተ። ይሄ ፓስዎርድ ሰራቂውን አያስቆመውም፣ እሱ በተራ አካውንትም ይሰርቃል። አንቲቫይረሱን እንዳያጠፋና ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ እንዳይቆጣጠር ግን ያግዛል።

አንቲቫይረስ አልገዛንም። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር አፕዴት ከተደረገ ለእኛ ይበቃናል።

ሰዎቹ ከሁሉ የወደዱት ለውጥ ግን አታችመንት ሳያወርዱ ማየት ነው። ጂሜይል ላይ ፒዲኤፍ፣ ወርድ ወይም ኤክሴል ብሮውዘር ውስጥ በፕሪቪው ይታያል። ፋይሉ የሚነበበው ጉግል ሰርቨር ላይ ስለሆነ በእኛ ኮምፒውተር ላይ የሚነሳ ነገር የለም። ፕሮፎርማ ከሆነ ዋጋው ይታያል፣ ፕሪንትም ይደረጋል። በፕሪቪው የማይታይ «ኢንቮይስ» ለእኔ ይላካል። ፕሪቪው የማያድነው ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ፒዲኤፍ ውስጥ ያለ ሊንክ ነው። ሁለተኛው የኢሜይል መግቢያ ገጽ መስሎ ፓስዎርድ የሚጠይቅ የኤችቲኤምኤል ፋይል ነው። ኢንቮይስ ለማየት ፓስዎርድ የሚጠይቅ ገጽ ከመጣ ዝጉት ብያለሁ፣ ያለ ምንም ምርመራ።

ዚፕና ራር ላይ ግን ዕቃችንን ከጉምሩክ ከሚያስወጣልን ትራንዚተር ጋር ተጋጨን። የታመቀ ፋይል በሙሉ ወደ እኔ እንዲዞር አድርጌ ነበር፤ በተለይ ፓስዎርድ ያለው፣ ፓስዎርዱም እዚያው ኢሜይል ላይ የተጻፈው፣ ስካነር ውስጡን እንዳያይ ተብሎ የሚደረግ ስለሆነ። ትራንዚተሩ ደግሞ ስካን ያደረገውን ሰነድ ሁሉ በራር ጠቅልሎ ነው የሚልከው፣ ኢንተርኔት ሲደክም ይሻለኛል ብሎ። አንድ ጊዜ የዲክላራሲዮን ሰነድ እኔ ዘንድ ታግዶ ቃሊቲ ላይ ሰው ቆሞ ጠበቀ። «ወንድሜ፣ የወደብ ኪራዩን አንተ ትከፍላለህ?» ብሎ ደወለልኝ። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ፦ ፒዲኤፎቹን ሳይጠቀልል ይልካል፣ ከከበደው በቴሌግራም ደውሎ አሳውቆ ይልካል። ጥበቃ ሥራ የሚያስቆም ከሆነ ሰው በጎን መንገድ ያበጅለታል፣ ያ መንገድ ደግሞ እናንተ የማታዩት ነው የሚሆነው።

ፓስዎርዶችን ከብሮውዘር ላይ አጠፋን። ለኢሜይሎቹ በሙሉ ከፓስዎርድ ሌላ በስልክ የሚረጋገጥ ሁለተኛ የመግቢያ ደረጃ ከፈትን። የባንክ ሥራ ለብቻው በተቀመጠ፣ ኢሜይል በማይከፈትበት ኮምፒውተር ሆነ። አሮጌ ማሽን ነው፣ ለዚያ ግን አያንስም።

ባክአፕ ነበረን ማለት ይከብዳል። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነበር፣ ዓመት ሙሉ ሰርቨሩ ላይ ተሰክቶ የሚኖር። የሚቆልፍ ቫይረስ ቢገባ እሱንም አብሮ ነው የሚቆልፈው። አሁን ሁለት ዲስኮች ይፈራረቃሉ፤ አንዱ ሲሰካ ሌላው ተነቅሎ ከቢሮ ውጭ ይቀመጣል። የፒችትሪን ባክአፕ አልፎ አልፎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ እመልሰዋለሁ፣ መከፈቱን ለማየት። መብራት ሲቆራረጥ ግማሽ ላይ የቀረ ባክአፕ አግኝቻለሁ፣ ስሙ ይታያል እንጂ አይከፈትም። ዩፒኤስ ሳይኖር ባክአፕ አትጀምሩ።

የባንክ አካውንት ለውጥ በኢሜይል አንቀበልም። የግዢ ክፍሉ ድሮ በያዘው ቁጥር ወይም በዊቻት ደውሎ የሚያውቀውን ሰው ድምፅ ይሰማል፤ ኢሜይሉ ላይ ያለው ቁጥር አይደወልም። ቻይና ከእኛ 5 ሰዓት ስለምትቀድም በእኛ ከቀኑ 7 ሰዓት ካለፈ እዚያ ቢሮ ተዘግቷል፤ ስለዚህ ጥሪው ጠዋት ነው፣ ካልተገኘ ክፍያው ያድራል። «አስቸኳይ ነው» የሚል ኢሜይል ከሰዓት በኋላ ሲመጣ ግዢዎች ራሳቸው ይስቁበታል አሁን።

ተፈትነን እናውቃለን? አዎ። የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ አንድ ቀን ጠሩኝና «ይሄ ኢንቮይስ ቻይንኛ ነው ወይስ ምንድን ነው?» አሉ። ኖትፓድ ላይ ትርጉም የሌለው የፊደልና የምልክት መዓት ተዘርግቷል። የስክሪፕት ፋይል ነበር፣ ሁለቴ ተጭነውታል፣ ምንም አልሆነም። ሌላ ጊዜ ግን ሽያጭ ክፍል ውስጥ አንዱ በፍላሽ የመጣ ራር ፈትቶ ውስጡ ያለውን ከፈተ። ወዲያው ነገረኝ፣ ስላልጮህኩበት ይመስለኛል። ኬብሉን ነቀልን፣ በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ፓስዎርዶቹን ቀየርን፣ ክፍት የነበሩ የኢሜይል መግቢያዎችን ሁሉ አስወጣን፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን ፎርማት አድርጌ ዊንዶውስ ጫንኩ። «አንቲቫይረስ አጽድቶታል» በሚል ብቻ ወደ ሥራ አልመልስም።

በነገራችን ላይ የሚያጠራጥር ፋይል ቫይረስቶታል በሚባለው የፋይል መመርመሪያ ድረ ገጽ ላይ ስትጭኑ ተጠንቀቁ። እዚያ የተጫነን ፋይል ከፍለው የሚጠቀሙ ሌሎች ሰዎች ማውረድ ይችላሉ። እውነተኛ ኢንቮይስ ሆኖ ከተገኘ የደንበኛችሁን ዋጋና አካውንት ለማታውቁት ሰው ሰጣችሁ ማለት ነው። እኔ እዚያ የምፈልገው የፋይሉን ሀሽ (ከይዘቱ የሚሰላ መለያ) ብቻ ነው። ከዚህ በፊት የታወቀ ቫይረስ ከሆነ በዚያ ይወጣል፤ ካልወጣ ግን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

አሁን የቀረኝ የሥራ አስኪያጁ ላፕቶፕ ነው። አድሚን መብታቸውን አልሰጥም ብለዋል፣ ክራኩም እንዳለ ነው። እስኪስማሙ ድረስ ከቢሮው የጋራ ፎልደር አውጥቼዋለሁ፣ ዋይፋዩም የእንግዶቹ ነው።