ዝቅ ላለች አሮጌ ስቴሽን ዋገን ሾክ አብዞርበር መምረጥ፦ የስምንት ወር ማስታወሻ

መኪናዋ ቮልቮ 240 ስቴሽን ዋገን ናት፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1974 እስከ 1993 ድረስ ከተመረተው ትውልድ። ከእኔ በፊት የነበሩት ባለቤት አጫጭርና ጠንካራ ሞላዎች አስገብተው ከፋብሪካ ቁመቷ በ45 ሚሊ ሜትር ዝቅ አድርገዋታል። ረጅም ጣሪያዋ ወደ መሬት ቀረብ ሲል የሚሰጣትን ግርማ ስለምወድ ወደ ቀድሞ ቁመቷ የመመለስ ሐሳብ አልነበረኝም። ችግሩ የሚመጣው ስጭናት ነው። ከኋላ ሰው ተቀምጦ የዕቃ ቦታው ሲሞላ፣ መንገዱ ትንሽ ጎድጎድ ባለ ቁጥር ከኋላ በኩል ብረት ብረትን ሲመታ ይሰማ ነበር።

ብዙዎቻችን እንደምናደርገው «ሾክ አብዞርበሩ ደክሟል» ብዬ ደመደምኩ። ለፋብሪካው ቁመት የተሠሩ፣ ከነባሮቹ ግን በጣም የጠነከሩ አዲስ ጥንድ ገዛሁ። ባዶዋን ስነዳት ጎማዎቹ በየስንጥቁ ላይ ይዘሉ ጀመር፤ ስጭናት ደግሞ ያው የብረት ድምፅ አልጠፋም። አምስት ወር ሳይሞላ አንደኛው ዘይት አፈሰሰ። ላብ የመሰለ ስስ ዘይት ከቱቦው እየወጣ በሚገባው ዘንግ ዙሪያ ቢታይ አልሰጋም ነበር፤ ይህኛው ግን እስከ ታችኛው ቡሎን ድረስ ወርዶ አቧራውን ጭቃ አድርጎታል። ያኔ ነው መግዛቱን ትቼ መለካት የጀመርኩት።

አስቀድሞ ሊገባኝ ይገባ የነበረው ይህ ነው፦ የመኪናዋን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው። ሾክ አብዞርበር የሞላውን መወዛወዝ ይገታል እንጂ ጭነት አይሸከምም። ስለዚህ የቱንም ያህል ቢጠነክር መኪናዋ ስትጫን መውረዷን አያስቀርም፤ የምትወርድበትን ፍጥነት ብቻ ይቀንሳል። በአንዳንድ ስቴሽን ዋገኖች ላይ የሚገኘው ኒቮማት የሚባለው ዓይነት ከዚህ የተለየ ነው። እርሱ መኪናዋ ስትሄድ በሚያገኘው እንቅስቃሴ ውስጡን እየሞላ የጭነቱን ከፊል ይሸከማል፤ አብሮትም ለስለስ ያለ ሞላ ይገባል። መኪናችሁ ኒቮማት ካላት፣ እርሱን አውጥታችሁ በተራ ሾክ አብዞርበር ብቻ አትተኩት፤ ሞላው አብሮ ካልተለወጠ ኋላዋ ይዘቅጣል።

ወደ ልኬቱ ልመለስ። ባዶዋን መኪና ደልዳላ ወለል ላይ አቁሜ፣ ጎማዎቿ መሬት እንደረገጡ፣ ከላይኛው ቡሎን መሃል እስከ ታችኛው ቡሎን መሃል ስለካ 415 ሚሊ ሜትር አገኘሁ። የፈታሁትን ሾክ አብዞርበር እስከ መጨረሻው ጨምቄ ስለካው 350፣ ዘርግቼ ስለካው 560 ሆነ። እንግዲህ ባዶ ሆና እንኳ የቀራት የመጨመቂያ ጉዞ 65 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። ሾክ አብዞርበሩ ወደ 25 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ ስለሚታሰር አክስሉ (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘው ብረት) 10 ሚሊ ሜትር ሽቅብ ሲመጣ እርሱ የሚጨመቀው 9 ያህል ነው፤ በጎማው ጉዞ ሲሰላ የቀረው 72 ይሆናል። ከዚያ ከኋላ አክስሉ በላይ 240 ኪሎ ግራም ጫንኩባት። ኋላዋ 45 ሚሊ ሜትር ወረደ። የቀረው 27 ነው። ሙሉ ጭነት ይዛ በረጅም መንገድ ስትጓዝ የኖረችው በእነዚህ 27 ሚሊ ሜትሮች ላይ ነው።

ሥር ገብቼ ሳይ ደግሞ ሌላ ነገር አገኘሁ። አክስሉ ሽቅብ ሲመጣ የሚቀበለው ከላስቲክ የተሠራ ማቆሚያ ከ60 ሚሊ ሜትር ቁመቱ ላይ 25ቱ ተቆርጧል። መኪና ዝቅ ሲደረግ ይህን ማቆሚያ መቁረጥ የተለመደ ነው፤ አክስሉ ቶሎ እንዳይነካው ታስቦ ነው። በእኔ መኪና ላይ ግን ማቆሚያው ተጨምቆ ሥራውን ሳይጨርስ በዘንጉ ጫፍ ያለው የሾክ አብዞርበሩ ፒስተን የቱቦውን ወለል ይመታ ነበር። የሰማሁት የብረት ድምፅ ይኸው ነው፤ ዘይቱን ያስፈሰሰውም ይኸው ድብደባ ነው። ሾክ አብዞርበር ማቆሚያ እንዲሆን አልተሠራም። አምራቹን ለመውቀስ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ጥፋቱ ግን ርዝመቱን ሳልለካ የገዛሁት የእኔ ነው።

ጉዳዩ ወደ ታችም አለ። መኪናዋን በክሪክ አንስቼ ጎማዎቹ ሲንጠለጠሉ ሞላው ከመቀመጫው ለቆ በእጄ ይሽከረከር ነበር። ሞላው ባዶዋን መኪና ተሸክሞ የሚጨመቀው 106 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ረጅሙ ሾክ አብዞርበር ግን አክስሉ 160 ያህል እንዲወርድ ይፈቅዳል። ልዩነቱን የሚሞላ ነገር የለም። እንደዚህች ባለ መኪና ላይ አክስሉን ከልክ በላይ እንዳይወርድ የሚይዘው ሾክ አብዞርበሩ ስለሆነ፣ አጭር ሞላ ሲገባ የሾክ አብዞርበሩም የተዘረጋ ርዝመት አብሮ ማጠር አለበት። አለዚያ መኪናዋ በፍጥነት ጉብታ ስትሻገር ሞላው ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል።

ስለዚህ ፍለጋውን የጀመርኩት ሁለት ቁጥሮች ይዤ ነው፦ ሲጨመቅ ከ340 ያልበለጠ፣ ሲዘረጋ ከ510 ያልበለጠ። እነዚህ ርዝመቶች በአምራቾች ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ፤ ካላገኛችኋቸው ሻጩ እንዲለካላችሁ ጠይቁ። አንዳንድ አምራቾች ልዩነቱን በስም ይገልጹታል፤ ለምሳሌ የቢልስታይን ቢ6 ለፋብሪካ ቁመት፣ ቢ8 ደግሞ አጠር ብሎ ዝቅ ላሉ መኪኖች የተሠራ ነው። «ስፖርት» የሚለው ቃል ብቻውን ግን ስለ ርዝመት ምንም አይነግርም።

ጥንካሬውን ያሰብኩት ከዚህ በኋላ ነው፤ የሚያስፈልገው ጭማሪም ከጠበቅሁት ያነሰ ሆነ። አሁን ያሉት ሞላዎች ከፋብሪካዎቹ በ30 በመቶ ይጠነክራሉ። የሚያስፈልገው የመግታት አቅም የሚጨምረው ግን በሞላው ጥንካሬ ስኩዌር ሩት ልክ ነው፤ የ1.3 ስኩዌር ሩት 1.14 ስለሆነ 14 በመቶ መጨመር ይበቃል። የመጀመሪያው ጥንዴ ያን ያህል ያንገጫገጨኝ ለዚህ ነው። ስቴሽን ዋገን ላይ ደግሞ ጭነት አለ። ከኋላ ሞላዎቹ በላይ ያለው ክብደት ከ560 ወደ 800 ኪሎ ግራም ሲያድግ፣ ያው ሾክ አብዞርበር ከክብደቱ አንጻር ያለው አቅም ወደ 84 በመቶ ይወርዳል። ባዶዋን ልክ የሆነው ሲጫን ይለሰልሳል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ጥንካሬው የሚስተካከል ዓይነት ፈለግሁ።

ባለ አንድ ቱቦውን የጋዝ ዓይነት ብዙ አስቤበታለሁ። ሙቀቱን ቶሎ ያስወጣል፣ በረጅም ኮረኮንችም ላይ ቶሎ አይዝልም። ነገር ግን ጋዙ ከዘይቱ ጋር በመስመር ስለሚቀመጥ ከርዝመቱ ላይ ይወስዳል፤ ቦታ በጠበበበት ደግሞ እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ዋጋ አለው። የጋዙም ግፊት መኪናዋን ከፍ ያደርጋል። ዘንጉ 11 ሚሊ ሜትር ውፍረት ኖሮት ግፊቱ 25 ባር ቢሆን ወደ 240 ኒውተን ይገፋል፤ በእኔ ሞላዎች ላይ ይህ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍታ ነው። መጥፎ አይደለም፤ ቁመት ከመለካታችሁ በፊት ግን እወቁት። በመጨረሻ የመረጥኩት ባለ ሁለት ቱቦ፣ የመዘርጋት ጥንካሬው የሚስተካከል፣ ሲጨመቅ 325 ሲዘረጋ 505 የሆነውን ነው።

ይህም ሆኖ ቁጥሩ አልሞላልኝም። ባለ 50 ሚሊ ሜትር አዲስ ማቆሚያ ባስገባ፣ ሙሉ ጭነት ሲኖር አክስሉ ገና ከመነሻው ማቆሚያውን ነክቶ ይቆማል። እዚህ ላይ መልክንና ሥራን ማስታረቅ ነበረብኝ። ከሞላዎቹ በታች 15 ሚሊ ሜትር ድጋፍ አስገባሁ፤ መኪናዋ አሁን ዝቅ ያለችው በ30 ሚሊ ሜትር ነው። ልቤ ቅር ቢለውም ተጭና ስትሄድ ከማቆሚያው በፊት 15 ሚሊ ሜትር ነጻ ጉዞ አላት፤ ፒስተኑ ወለሉን ለመምታት ደግሞ 70 ይቀረዋል። መጀመሪያ የሚነካው የላስቲክ ማቆሚያው ነው፤ መሆን ያለበትም እንዲሁ ነው።

ስለ ማሰሩ ሁለት ነገር ብቻ። ባለ ሁለት ቱቦ ሾክ አብዞርበር ተጋድሞ ሲቀመጥ አየር ወደ ውስጠኛው ቱቦ ይገባል፤ ከማሰራችሁ በፊት ቀጥ አድርጋችሁ አምስት ስድስት ጊዜ ጨምቁትና ዘርጉት፣ ባዶ የሚመስለው ስሜት ሲጠፋ እሰሩት። ጎሚኒ (በቡሎኑ ዙሪያ ያለ የላስቲክ ቀለበት) ያለባቸውን ቡሎኖች ደግሞ ጎማዎቹ ተንጠልጥለው ሳለ አታጥብቁ። መኪናዋ መሬት ከረገጠች በኋላ ይጥበቁ፤ አለዚያ ጎሚኒው እንደተጠመዘዘ ይኖርና ቶሎ ይቀደዳል።

የፊቱ ቀለል ይላል። የቮልቮ 240 የፊት ቱቦ አናቱ ላይ ያለው ትልቅ ዳዶ ሲፈታ ውስጡ ያለው ሾክ አብዞርበር ወጥቶ በአዲስ ይተካል። አጠር ያለ ከገባ ከሥሩ ድጋፍ ያስፈልገዋል፤ ዳዶው ጠብቆ ሲያበቃ ሾክ አብዞርበሩ በቱቦው ውስጥ ቅንጣት መንቀሳቀስ የለበትም። በዙሪያው ትንሽ ዘይት ጨመርኩ፤ ሙቀቱን ወደ ውጭኛው ቱቦ ያስተላልፋል።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ማስተካከሉ ነው። ኮኒ የተባለው አምራች እንደሠራቸው የቆዩ ዓይነቶች ሁሉ የእኔም የሚስተካከለው ከመኪናው ወርዶ፣ እስከ መጨረሻው ተጨምቆ፣ ዘንጉ ሲዞር ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሙከራ መፍታት ግድ ነው። በግማሽ ዙር ጀመርኩ፤ ጥሩ ነበር። አንድ ሙሉ ዙር ሳደርገው በለስላሳ መንገድ ላይ በጣም ወደድኩት፤ ኮረኮንች ላይ ግን ከተወሰነ ርቀት በኋላ ኋላዋ እየደረቀ መጣ። መዘርጋቱ ከልክ በላይ ሲጠነክር አክስሉ ከአንዱ ጉብታ ተመልሶ ሳይወርድ ሌላው ይደርስበታል፤ መኪናዋ በየጉብታው ጥቂት በጥቂት ዝቅ ትልና ማቆሚያው ላይ ትቀመጣለች። ጉዞ የተረፋት መኪና ይህን ትችለዋለች፤ ዝቅ ያለች ግን አትችልም። ወደ ግማሽ ዙር መለስኩት።

ዘንጉ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ አስሬአለሁ፤ ሾክ አብዞርበሩ በተጨመቀ ቁጥር እየተገፋ የደረሰበትን ጥግ ያሳያል። ባለፈው ጉዞ 240 ኪሎ ግራሙን ይዛ፣ ግማሹ ኮረኮንች የሆነ መንገድ ሄዳ ስትመለስ ማሰሪያው እስከ መጨረሻው የመጨመቂያ ጥግ 31 ሚሊ ሜትር ቀርቶት ነበር የቆመው። የብረት ድምፅ አልሰማሁም። የሚቀጥለው ሥራዬ ያንኑ ማሰሪያ የፊት ዘንጎች ላይ ማሰር ነው።