ማንም እንዳይነካው፦ በፓይተን ግሎባል ቫሪያብልን የቆለፍኩበት መንገድ

የምሠራበት የደረሰኝ ፕሮግራም በፓይተን የተጻፈ ነው። የቫት መጠኑ፣ የቀን አጻጻፉ፣ የክፍያ አማራጮቹ ሁሉ በአንድ ግሎባል ዲክሽነሪ (ከየትኛውም የፕሮግራሙ ክፍል የሚደረስበት የስምና የዋጋ ጥንዶች ስብስብ) ውስጥ ነበሩ። ከቫት ነፃ ለሆነ ደንበኛ ደረሰኝ በተቆረጠ ቁጥር ከእሱ ቀጥለው የሚመጡት ሁሉ ቫት ሳይታሰብባቸው ይወጡ ጀመር። ሰርቨሩ ሪስታርት ሲደረግ ይስተካከላል፤ ቆይቶ ይመለሳል።

ነገሩ የአንድ መስመር ጣጣ ነበር። አንዱ ፈንክሽን ዲክሽነሪውን ተቀብሎ 0.15ን ወደ 0 ይቀይርና ያሰላል። ፓይተን ለፈንክሽን የሚሰጠው ቅጂ ሳይሆን ያንኑ ዲክሽነሪ ስለሆነ ለአንድ ሰው የታሰበው ለሁሉም ደረሰ። መስመሩን ማረም ቀላል ነው። እኔ የፈለግሁት ግን ነገ ሌላ ሰው ተመሳሳይ መስመር ቢጽፍ ፕሮግራሙ ራሱ እንዲጮህ ነው።

የቫሪያብሉን ስም ፔፕ 8 (የፓይተን የአጻጻፍ መመሪያ) እንደሚመክረው በትልልቅ ፊደላት መጻፍ ማንንም አያግድም። ከፓይተን 3.8 ጀምሮ ያለው ፋይናል (ስሙ ዳግም ዋጋ እንዳይሰጠው የሚል ምልክት) ይሻላል፤ ስሙ ሌላ ዋጋ ሲሰጠው ኮዱን ሳያስኬድ የሚፈትሸው ማይፓይ ይይዘዋል። ግን ፕሮግራሙ ሲሄድ ምንም አይከለክልም፣ ደግሞም የሚጠብቀው ስሙን እንጂ ዲክሽነሪው ውስጥ ያለውን አይደለም። ስሙን ብቻ በሚቆልፈው በጃቫስክሪፕት ኮንስትም ብዙ ሰው የሚታለለው እዚሁ ላይ ነው።

ስለዚህ ዲክሽነሪውን ትቼ ፍሮዝን ዳታክላስ (አንዴ ከተሠራ በኋላ ለውስጥ ስሞቹ አዲስ ዋጋ የማይቀበል የዳታ መያዣ) አደረግሁት። አሁን የቫቱን መጠን ለመቀየር የሚሞክር መስመር እዚያው ፍሮዝን ኢንስታንስ ኤረር ያስነሳል። ከቫት ነፃ ለሆነው ደንበኛ ሪፕሌስ የሚባለው ፈንክሽን መጠኑ 0 የሆነ አዲስ ቅጂ ይሠራል፤ ዋናው አይነካም። የክፍያ አማራጮቹን ደግሞ ከሊስት ወደ ታፕል (ከተሠራ በኋላ የማይጨመርበትና የማይቀነስለት ዝርዝር) ቀየርኩ። ፍሮዝን የሚቆልፈው የላይኛውን ብቻ ስለሆነ፣ ውስጡ ሊስት ካለ ማንም አፔንድ ማድረግ (መጨረሻው ላይ መጨመር) ይችላል። ፋይናልንም አላነሳሁትም፤ ሌላ ፋይል ስሙን በአዲስ ዋጋ ሊተካው ቢሞክር የሚያጋልጠው እሱ ነው።

ዲክሽነሪ ሆኖ መቆየት ላለበት ማፒንግ ፕሮክሲ ታይፕ (ዲክሽነሪን ለንባብ ብቻ የሚያሳይ መሸፈኛ) አለ። ነገር ግን መስኮት ብቻ ነው፦ ዋናውን ዲክሽነሪ በስም የያዘ ኮድ ካለ በዚያ በኩል መቀየሩ አይቀርም። ስለዚህ ዲክሽነሪውን ስም ሳልሰጠው በቀጥታ እዚያው ውስጥ እጽፈዋለሁ።

ይህን ጨርሼ ቴስቶቹን ሳስኬድ የሪፖርቱ ክፍልም የቀን አጻጻፉን በስውር ሲቀይር ተያዘ። አሁን ቅንብሩን በፓራሜትር ይቀበላል።