ክብራን ገብርኤልን «ለሁሉም ክፍት» ያለው ካርድ

ስልኩ የተደወለው ከባሕር ዳር ጀልባ ማቆሚያ ነው። «ኧረ እናንተ ልጆች፣ ክብራንን ለሴት የከፈታችሁት በማን ፈቃድ ነው?» አሉ የጣና ገዳማትን የሚያስጎበኝበትን ድረ ገጽ ያሠራው ድርጅት ኃላፊ፣ ሳቅም ቁጣም በተቀላቀለበት ድምፅ። በድረ ገጹ ተማምና የመጣች እንግዳ ከጀልባ ማረፊያው ሳታልፍ ተመልሳለች። ክብራን ገብርኤል የሚገባው ወንድ ብቻ ነው፤ ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ። ክብራን ለከተማው ቅርብ መሆኑ በጀ እንጂ፣ ሐይቁ መሃል እስካለው ዳጋ ድረስ የሰዓታት መንገድ ሄዶ በር ላይ መመለስ ቀልድ አይደለም።

ድረ ገጹ በዎርድፕረስ፣ በድረ ገጽ መሥሪያው ሶፍትዌር፣ የተሠራ ነው። «መዳረሻ» የሚባል የራሱ ፖስት ታይፕ (የይዘት ዓይነት) አለው፤ እያንዳንዱ ገዳም ላይ በኤሲኤፍ፣ ተጨማሪ የመረጃ መስኮችን በሚፈጥር ተሰኪ፣ የተሠሩ መስኮች አሉ፦ ዋጋ፣ መነሻ ሰዓት፣ እና «ወንድ ብቻ» የሚል ምልክት ማድረጊያ። መነሻ ገጹ ላይ አንድ የኤሲኤፍ ብሎክ (ገጹ ላይ የሚገባ የይዘት ክፍል) መዳረሻዎቹን እየጠራ በካርድ ይደረድራል። የክብራን የራሱ ገጽ «ለወንዶች ብቻ» ይላል፤ ካርዱ ግን «ለሁሉም ክፍት»። ስሙ ልክ፣ ፎቶው ልክ፣ ዋጋው ልክ። ሦስቱ ልክ ሆነው አራተኛው ሲሳሳት፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መረጃውን ያስገባው ሰው ነው።

ካሽ፣ ለፍጥነት ተብሎ የተቀመጠው የገጹ ቅጂ፣ ተጸዳ። ካሽ ማጽዳት የዚህ ሙያ ጠበል ነው፣ ለማንኛውም በሽታ ይሞከራል። አልዳነም። ቀጥሎ ዳታቤዙ ተከፍቶ የእያንዳንዱ ፖስት ተጨማሪ መረጃ የሚቀመጥበት የፖስትሜታ ሰንጠረዥ ታየ። ኤሲኤፍ ለአንድ መስክ ሁለት ረድፍ ይጽፋል፦ አንዱ በመስኩ ስም እሴቱን ይይዛል፤ ሌላው ያው ስም ከፊቱ የግርጌ ሰረዝ ተጨምሮበት የመስኩን መለያ ቁልፍ ይይዛል። ለክብራን ሁለቱም ረድፎች አሉ፤ እሴቱም 1 ነው። መረጃ አስገቢዋ ነጻ ወጣች።

ነገሩን የገለጠው በካርዱ ቴምፕሌት (ካርዱን በሚያወጣው የኮድ ፋይል) ውስጥ፣ የመስክን እሴት የሚያነበውን የጌት ፊልድን መልስ እንዳለ በሚያሳየው በቫር ደምፕ ማስወጣት ነው። የመጣው ናል ነበር። ፎልስ ቢሆን «ምልክት አልተደረገበትም» ማለት ነው፤ ናል ግን «እዚህ እንዲህ የሚባል ነገር የለም» ማለት ነው። ያው መስመር የመዳረሻው አይዲ (መለያ ቁጥር) ሲጨመርለት ትሩ፣ ማለትም «አዎ»፣ መለሰ።

መስመሩ ከነጠላ ገጹ ቴምፕሌት እንዳለ የተገለበጠ ነበር። እዚያ ጌት ፊልድ አይዲ ባይሰጠውም የተከፈተውን ፖስት ያነባል። ኤሲኤፍ ብሎክ ውስጥ ሲገባ ግን የሚያነበው የብሎኩን የራሱን መስኮች ነው፤ እነሱም በተለመደው አሠራር የሚቀመጡት ፖስትሜታ ውስጥ ሳይሆን በገጹ ይዘት ውስጥ፣ በብሎኩ ኮመንት ላይ በጄሰን (የመረጃ አጻጻፍ ዓይነት) መልክ ነው። የዚህ ብሎክ መስኮች ርዕስና የካርድ ብዛት ብቻ ነበሩ። ዋጋው የተረፈው ፖስትሜታን በቀጥታ በሚያነበው በጌት ፖስት ሜታ ስለተጻፈ ነው፤ እሱ ያለ አይዲ አይንቀሳቀስም። ከቡድኑ አንዱ «ሴትአፕ ፖስትዳታ ይጨመር» ብሎ፣ የተጠራውን ፖስት የወቅቱ ፖስት የሚያደርገው ይህ ትእዛዝ ተጨምሮም ነበር። ርዕስና ሊንክ ለማውጣት ይረዳል፤ እዚህ ግን ብሎኩ ቀድሞ ስለሚደመጥ ምንም አልለወጠም።

ስለዚህ የብሎኩ ጥገና አንድ ቃል ነው፦ ለጌት ፊልድ ሁለተኛ ግቤት ሆኖ የመዳረሻው አይዲ።

የባሰው ጥፋት ግን የሁኔታ አረፍተ ነገሩ ላይ ነበር። «ወንድ ብቻ ከሆነ ይህን ጻፍ፣ አለዚያ ለሁሉም ክፍት በል» የሚል ኮድ ናልንም ባዶንም በዚያው «አለዚያ» ያስገባል። ቴምፕሌቱ ባያውቅም ያወቀ መስሎ ይናገራል። ለእንዲህ ያለ መረጃ ምልክት ማድረጊያ ሳጥን መምረጡ ራሱ ስህተት ነው፤ ያልተነካ ሳጥንና «አይደለም» የተባለ ሳጥን በዓይን አይለዩም። በቦታው ነባሪ ምርጫ የሌለው፣ መሙላቱ ግዴታ የሆነ ሴሌክት (የምርጫ ዝርዝር) ገባ፦ «ሁሉም» ወይም «ወንድ»። በአዲስ ስም ነው የተፈጠረው፤ የድሮው 1 እና 0 ከአዲሱ ምርጫ ጋር እንዳይደባለቅ። ግዴታው የሚሠራው ፖስቱ ሲቀመጥ ብቻ ስለሆነ ለነባሮቹ አይደርስም፤ ለእነሱ ቴምፕሌቱ ሦስተኛ መንገድ ተሰጠው፦ ሁለቱንም ካልሆነ «ሲመዘገቡ ይጠይቁ»።

ሙከራው በሦስት መዳረሻ ተደረገ፦ ሴትም ወንድም በሚገባበት የዘጌው ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ በክብራን፣ እና ሆን ተብሎ ባዶ በተተወ አንድ የሙከራ ፖስት። የድሮው መስክ ከመነሳቱ በፊት ረድፉ መኖሩን በሚያጣራው በሜታዳታ ኤግዚስትስ ሲፈተሽ፣ ጭራሽ ረድፍ የሌላቸው ሁለት መዳረሻዎች ተገኙ። መስኩ ከመፈጠሩ በፊት ተጽፈው ዳግም ያልተቀመጡ ናቸው። ማንም ሳይጠይቃቸው ሁለቱም «ለሁሉም ክፍት» ሲሉ ከርመዋል።