የስኳር ድንች ፓይ የጋገርኩበት ቅዳሜ

ጠዋት ከቅዳሜ ገበያ ሁለት ኪሎ ስኳር ድንች ይዤ ስገባ እማዬ ዘንቢሉን ከፍታ አየችና «ደግሞ ልታበላሺው ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ባለፈው ወር የሞከርኩት ፓይ ሊጥ ላይ የፈሰሰ ገንፎ ይመስል ነበር። ጥቁር አሜሪካውያን በበዓል ማዕዳቸው ላይ የሚያቀርቡትን ይህን ጣፋጭ ለመሥራት ስነሣ ስኳር ድንቹን ልጬና ቆራርጬ መቀቀሌ ነበር ጥፋቱ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃው በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ስለዚህ እስኪበስል ብዙ ይቆያል፣ በቆየ ቁጥርም ውኃ ይጠጣል።

ዛሬ ከነልጣጩ ኦቨን ውስጥ አስገብቼ በዝግታ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበስኩት። ሙቀቱ ቀስ እያለ ሲጨምር በውስጡ ያለው ስታርች ወደ ስኳርነት ስለሚለወጥ፣ ልጣጩ ላይ እንደ ማር የሚያጣብቅ ወዝ ወጣ። ሥጋው ነጭ ስለነበር የፓዩ ቀለም ፈዘዝ ማለቱ አልቀረም፤ ብርቱካንማው ዓይነት ገበያ ላይ አልነበረም።

ለሊጡ 250 ግራም የፉርኖ ዱቄት በ125 ግራም ቀዝቃዛ የገበታ ቅቤ አሸሁት። ቅቤው እጅ ላይ ከቀለጠ ሊጡ ስለማይፈረፈር ጣቶቼን በየመሐሉ በቀዝቃዛ ውኃ እየነከርኩ አደርቅ ነበር። እማዬ የራሷን ንጥር ቅቤ ልትሰጠኝ ብትፈልግም፣ ኮሰረት የሸተተ ፓይ ወጥ እንጂ ጣፋጭ አይሆንም ብዬ እምቢ አልኳት። በቅመሙ ግን ተሸነፍኩ፤ ገውዝ ስላልነበረኝ ከቀረፋው፣ ከዝንጅብሉና ከሁለት ፍሬ ቅርንፉድ ጋር ኮረሪማ ወቅጣ ሰጠችኝ።

ሊጡ እንዳይነፋ ወረቀት አንጥፌ ደረቅ ሽምብራ ስሞላበት «ሽምብራውንም ልንበላው ነው?» ብላ ሳቀች። ሊጡ ለብቻው ትንሽ ከበሰለ በኋላ ሽምብራውን አውጥቼ፣ ስኳር ድንቹን ከእንቁላል፣ ከወተትና ከስኳር ጋር መትቼ ጨመርኩበትና በ180 ዲግሪ ጋገርኩት። አርባ ደቂቃ እንደሞላው መብራት ጠፋ። መሐሉ ገና ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሆኖም እንቁላሉ በቀረው ሙቀት ይረጋል ብዬ በሩን ሳልከፍት ተውኩት፤ ረጋም።

ከሰዓት ቡና ሲፈላ አንድ ቁራሽ አቀረብኩላት። በዝምታ በልታ ስትጨርስ «ኮረሪማውን አብዝቼብሻለሁ» አለችና ሁለተኛውን ቁራሽ ለማታ ብላ በሰሐን ከደነችው።