ፓኬጆቹን በአንዴ ካሻሻልኩ በኋላ ራውተሩ ምን ሆነ?

ኦፕን-ደብሊውአርቲ (ራውተር ላይ የሚጫን ነፃ የሊነክስ ሲስተም) መማር ከጀመርኩ ስድስት ወር ሆኖኛል። የምለማመደው እዚሁ ጅማ፣ ሄርማታ ባለው የአክስቴ ፎቶኮፒ ቤት ራውተር ላይ ነው። ፍላሹ (ሲስተሙ የሚቀመጥበት ማከማቻ) 8 ሜጋባይት፣ ራሙ 64 ሜጋባይት ነው። እንዲህ ዓይነት ትንሽ ራውተር ይዛችሁ የምትማሩ ካላችሁ፣ የገጠመኝን ላካፍላችሁ።

እሁድ ማታ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ በኦፒኬጂ (የኦፕን-ደብሊውአርቲ ፕሮግራም መጫኛ) «ኦፒኬጂ አፕዴት» አልኩና የሚሻሻሉትን ፓኬጆች፣ ማለትም ራውተሩ ላይ የተጫኑትን ትንንሽ ፕሮግራሞች አየሁ። ሃያ ምናምን ነበሩ። ኮምፒውተሬ ላይ ባለው ኡቡንቱ ሊነክስ እንደለመድኩት ሁሉንም በአንዴ አሻሽል ብዬ አዘዝኩ። መሃል ላይ ቦታ አለቀ ብሎ ቆመ። አጥፍቼ ሳበራው ዋይፋዩ የለም፤ በኬብልም አላስገባ አለኝ።

ሰኞ በጠዋት አክስቴ ደወለች። «ልጄ፣ ኢንተርኔቱን ምን ነካው? ተማሪዎቹ በር ላይ ቆመዋል እኮ!» የመመረቂያ ጽሑፍ የሚታተምበት ሰሞን ነበር። እየሮጥኩ ሄድኩ።

ራውተሩን ነቅዬ ሰካሁት። መብራቷ ብልጭ ድርግም ማለት ስትጀምር የሪሴት ቁልፉን ተጫንኩ። ብልጭታው ሲፈጥን ፌይልሴፍ (ሲበላሽ ለመጠገን የሚያስገባው የአደጋ ጊዜ አነሳስ) ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ላፕቶፑን በኬብል አገናኝቼ አድራሻውን 192.168.1.2 አደረግኩና በኤስኤስኤች (ከርቀት ትእዛዝ መስጫ) ወደ ራውተሩ አድራሻ 192.168.1.1 ገባሁ። «ፈርስትቡት» የሚለው ትእዛዝ የተጫነውን ሁሉ ጠርጎ ወደ መጀመሪያው መለሰው። የመስመሩን ፓስዎርድ ደብተር ላይ ጽፌው ስለነበር እንደገና አስገባሁት።

ለምን እንዲህ ሆነ? ሲስተሙ ሁለት ንብርብር ነው። የታችኛው ስኳሽኤፍኤስ ይባላል፤ ታምቆ የተቀመጠ ነው፣ አይጻፍበትም። የላይኛው ኦቨርሌይ ነው፤ የሚጻፈው እዚህ ላይ ነው። ፓኬጅ ስታሻሽሉ አሮጌው ከታች አይነሳም፤ አዲሱ በላዩ ይደረባል። አሮጌውን ሸሚዝ ሳያወልቁ አዲስ እንደመደረብ ነው። ሸሚዝ ላይ ሸሚዝ ሲደራረብ ጃኬቱ አልቆለፍ ይላል። ያዳነኝም ግን ይኸው አሠራር ነው፤ የታችኛው ስላልተነካ መመለሻ ነበረኝ።

አሁን አንድ ፓኬጅ ብቻ፣ ያውም ግድ ሲሆን፣ ቀሪውን ቦታ በ«ዲኤፍ» አይቼ አሻሽላለሁ። ለቀረው ሙሉውን ፈርምዌር (የራውተሩን ሲስተም በሙሉ) ሲስአፕግሬድ በሚባለው ትእዛዝ እቀይራለሁ። ሲስአፕግሬድ ሴቲንጉን ያቆያል እንጂ ራሳችሁ የጫናችሁትን ፓኬጅ አያቆይም። ስለዚህ ዝርዝሩን አስቀድማችሁ ያዙ፤ ባክአፑንም ላፕቶፕ ላይ አስቀምጡ። አተንድድ ሲስአፕግሬድ የሚባለው ደግሞ ፓኬጆቻችሁን ያካተተ ፈርምዌር አዘጋጅቶ ይሰጣችኋል። እኔ በጣም ወድጄዋለሁ።

ፍላሹ እየተጻፈ መብራት ከሄደ ግን ፌይልሴፍም ላይደርስላችሁ ይችላል። የጅማን ዝናብና መብራት ታውቁታላችሁ። ባለፈው ቅዳሜ ራውተሩን የአክስቴ ኮምፒውተር ዩፒኤስ ላይ ሰክቼ ነው ፈርምዌሩን መቀየር የጀመርኩት። ውጭ እየዘነበ ነበር። የራውተሩ መብራት እስክትረጋጋ ዓይኔን አልነቀልኩም፤ ተረጋጋች። ዋይፋዩም ወዲያው መጣ።

ቀጥሎ ወደ ኦፕን-ደብሊውአርቲ 25.12 ስሪት ለመሻገር እየተዘጋጀሁ ነው። እዚያ ኦፒኬጂ ኤፒኬ በሚባል ሌላ የፕሮግራም መጫኛ ተተክቷል፤ ትእዛዞቹን አሁን እያጠናሁ ነው።